ጎጆው ከእግራችን ሥር፦ የሊበን ሜዳ ላርክና እኛ ፎቶ አንሺዎች

ግንቦት ላይ ነው። ከነገሌ ቦረና በጨለማ ወጥተን ሊበን ሜዳ ስንደርስ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። አምስት ነን፦ ሁለት ፎቶ አንሺዎች፣ አስጎብኚው፣ ሹፌሩና እኔ። ሹፌሩ "ወፍ አይቼ አውቃለሁ" ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ተኛ። አራታችን ከመንገዱ ወርደን ሣሩ ውስጥ ገባን። ሣር ለማለት እንኳ ይከብዳል፤ አብዛኛውን ቦታ ከብት ላጭቶት አፈሩ አግጥጧል። አለፍ አለፍ እያለ ግን ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ፣ ጤዛ ያዘለ ሣር ይገኛል። እኛም የምናመራው ወደዚያው ነበር።

አሰላለፉን አስጎብኚው አሳየን። ጎን ለጎን ሆነን፣ በመካከላችን አሥር አሥር እርምጃ ትተን፣ በአንድ መስመር ቀስ እያልን መሄድ። የመጣንላት የሊበን ላርክ፣ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ጎጆ የምትሠራ ትንሽ ወፍ፣ ሰው ሲቀርባት ቶሎ አትበርም። ተደፍታ ታሳልፋለች፣ ካልሆነም በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ትሮጣለች። ስለዚህ የሚያስነሳት ዓይን ሳይሆን እግር ነው። መቶ እርምጃ ሳንሄድ አንድ እረኛ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በግራዬ በኩል መስመሩን ተቀላቀለ። ሥራውን ከእኛ በተሻለ እንደሚያውቀው አረማመዱ ይናገራል።

ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ከልጁ እግር ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ አንዲት ቡናማ ወፍ ተስፈንጥራ ተነሳች። ዝቅ ብላ በረረች፣ ብዙም ሳትርቅ ወደቀች። አፍታ ቆይታ እንደገና ተነሳች፤ አሁን ግን መሸሹን ትታ ወደ እኛው ጥቂት ቀረበችና ወረደች። በዕድሜ የሚበልጡን ፎቶ አንሺ የካሜራቸውን ማንገቻ ጨበጥ አድርገው፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በደስታ፣ "ጎጆ አላት! እዚሁ ከእግራችን ሥር ነው!" አሉ።

አስጎብኚው ሁለት እጁን ዘረጋ። "ጋሼ፣ ባሉበት ይቁሙ። እግርዎን አያንሱ።" ለልጁም በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናገረውና ልጁ ባለበት ቀረ።

እዚህ የማቀርበው ጉዳይ ይኸው ነው። ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም። ጎጆውን አላየነውም፣ ይኑር አይኑርም እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ሣር ላይ ቆመን የተከራከርነው ግን የወፍ ፎቶ ከሚያነሳ ሰው ሁሉ ደጅ የሚደርስ ይመስለኛል። ለዚህ ክርክር ደግሞ ከሊበን የጠበበ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ወፏ

ይህቺ ወፍ ለዓይን የምታጠግብ አይደለችም። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጭንቅላቷ ለሰውነቷ ተለቅ ያለ፣ ጅራቷ አጠር ያለ፣ በአገራችን ተራ ሰው "ወፍ" ብቻ ብሎ የሚያልፋት ዓይነት ናት። ለሳይንስ የመጀመሪያዋን ናሙና ያገኘው ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968። ሁለተኛዋ በ1974 በጆን አሽ እጅ ገባች። በ1975 ስም ወጣላት፤ ቦታው ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ስለነበር ለብዙ ዓመት "ሲዳሞ ላርክ" ስትባል ኖረች። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ነገሌ ቦረና አጠገብ ካለው ከዚህ አንድ ሜዳ ውጭ የምትኖርበት ቦታ አይታወቅም ነበር። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ጅግጅጋ አካባቢ ያለችውና ድሮ በሶማሌላንድ ተገኝታ ለዘጠና ዓመት ያህል ደብዛዋ ጠፍቶ የነበረችው የአርቸር ላርክ ከእሷ ጋር አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። ዘመድ ተገኘ ማለት ነው፤ የሊበኗ ግን በዚህ አልዳነችም።

በ2008 ይልማ ደለለኝ እና መንግስቱ ወንዳፍራሽ ያሉበት ቡድን፣ ከናይጀል ኮላርና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ የወፏን መኖሪያ፣ ድምፅ፣ ጎጆና እንቁላል በጽሑፍ አወጣ። በ2009 ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ ያወጡት ሌላ ጥናት የያዘው ቁጥር ግን አንብቤ መጽሔቱን ያስቀመጠኝ ነው፦ በሊበን የቀሩት ጎልማሳ ወፎች ከ90 እስከ 256 ይገመታሉ፣ ያሉበት ተስማሚ ሣር ደግሞ 36 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የጥናቱ ርዕስ ራሱ፣ የግጦሽ መሬቱ መራቆት በአፍሪካ በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያውን የወፍ ዝርያ መጥፋት ሊያስከትል ተቃርቧል የሚል ነበር። በ2007 የተቆጠሩት መስመሮች በ2009 ሲደገሙ የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በዚያው ዓመት ዝርያዋ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገባች።

በቆጠራው ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በቀላሉ የሚቆጠረው ወንዱ ነው፤ አየር ላይ ወጥቶ ይዘምራላ። ሴቷ ሣር ውስጥ ናት። ተመራማሪዎቹ የሚዘምሩትን ወንዶች ያህል ሴቶች ላይኖሩ ይችላሉ ብለው ሰግተዋል። እንግዲህ ያን ማለዳ ከልጁ እግር ሥር የተነሳችው ሴት ከነበረች፣ በጣት ከሚቆጠሩት አንዷን ነው ከቤቷ ያስነሳናት።

በሣሩ ላይ የተደረገው ክርክር

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ከጡረታ በኋላ ካሜራ ይዘው ከዚህ አገር ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የቻሉትን ያህል እየለቀሙ ያሉ፣ ለወፍ ሲሉ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ሰው ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ "አንድ ፎቶ። በስልክም ቢሆን። ሠላሳ ሰከንድ። ማስረጃ ነው እኮ፤ ለተመራማሪዎቹም ይጠቅማል።" እውነቱን ለመናገር እኔም አምሮኝ ነበር። ጎጆ አይቶ የማይጓጓ ሰው ወፍ አይወድም።

አስጎብኚው የመለሰላቸው በቁጥር አልነበረም። "ጋሼ፣ ለመፈለግ መራመድ አለብን። ስንራመድ እንረግጠዋለን።"

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ሁሉ ትይዛለች። ዛፍ ላይ ያለን ጎጆ ከታች ሆነህ ታየዋለህ። መሬት ላይ ያለን ጎጆ ግን የምታገኘው ወይ በዓይንህ ነው፣ ወይ በጫማህ ነው፤ ሣር ውስጥ የተሸሸገ ጎጆ ደግሞ ለዓይን እንዳይገኝ ተብሎ የተሠራ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንላለን፤ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ግን የእኛ እግር ከላዩ መራቅ አለበት።

ጎጆውን ሳንረግጥ ብናገኘውስ? ያኔ ሌላው ጣጣ ይጀምራል። ልጅ ሳለን "የወፍ ጎጆ አትንካ፣ እናትየው የሰው ሽታ ከሸተታት ትጥለዋለች" እየተባልን ያደግን ብዙ ነን። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ ወፎች በሰው ሽታ ምክንያት ብቻ ጎጆ አይጥሉም። የሚያስጥላቸው መረበሽ ነው፤ በተለይ ጎጆ በመሥራት ወይም በእንቁላል ላይ ሳሉ ቶሎ ይጥላሉ፣ ጫጩት ከፈለፈሉ በኋላ ግን ጠንከር ይላሉ። ሽታው የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ሣሩ ላይ የተረገጠ መንገድ ትተህ ስትሄድ፣ በምሽት አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ለሚመጣ ቀበሮ አድራሻ ጽፈህለት ሄድክ ማለት ነው። ቁራ ደግሞ በቀን ሰዎች ተሰብስበው ያጎነበሱበትን ቦታ አይቶ፣ ሲሄዱ ሊያየው ይመጣል። ፀሐይም አለ። ሊበን ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥላ የለም፤ የእንቁላሉ ጥላ እናትየው ናት። እሷ "አልፈው ይሂዱልኝ" እያለች ሃምሳ ሜትር ርቃ ስትጠብቅ፣ ሠላሳ ሰከንድ የተባለው ሌንስ በመቀየርና "አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ" በማለት አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናል።

ከሁሉ የባሰው ግን "ትንሽ ገለጥ ማድረግ" የምንለው ነው። አንድ የሣር ዘለላ ፊት ለፊት ይገባና ፎቶውን ያበላሻል። በጣት ይታጠፋል። ፎቶው ያምራል። ያቺ ዘለላ ግን የጎጆው ጣሪያ ነበረች።

በዚህ አጋጣሚ ፎቶ አንሺ ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ያነሳቸውን ፎቶዎች እንዲያይ እጋብዛለሁ። አፏ ላይ ትል ወይም አንበጣ ይዛ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች እናት ወፍ ያለችበት ፎቶ የሌለው የለም። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔም ሁለት ሦስት አሉኝ። አሁን ሳያቸው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፦ ምግቡን ይዛ የቆመችው ጫጩቶቿን ለማብላት ፈርታ ነው፤ እኔ እስክሄድ እየጠበቀች ነው። የተደነቀልኝ ፎቶ የመረበሼ ማስረጃ ሆኖ አርፏል።

በሬ ውስጥ የተደበቀው ካሜራ

ለመሆኑ ጎጆ ላይ ፎቶ ማንሳት ከየት መጣ? ከማሽኑ ነው የመጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካሜራ ሣጥን ነበር፤ መስታወት ይጫናል፣ በሦስት እግር ይቆማል፣ አጉልቶ የሚያቀርብ ሌንስ የለውም። የሚበር ወፍ በዚህ አይያዝም። ወፍ በእርግጠኝነት ተመልሳ የምትመጣበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱም ጎጆዋ ነው። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶ አነሱ፤ ከዚያም ለመቅረብ ሲሉ ያልሠሩት ተንኮል የለም። በ1900 ገደማ የበሬ ቆዳ አስለፍተው፣ ውስጡን ክፍት አድርገው፣ ሰውየው ከነካሜራው በሬው ሆድ ውስጥ ቆሞ ወፍ ይጠብቅ ነበር። የሊበን እረኛ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1937 ጎጆዋን ሊያነሳ በሄደባት ጉጉት ጥፍር ግራ ዓይኑን አጣ። ሙያውን ግን አልተወም። የእነዚህ ሰዎች ፎቶዎች ሕዝብ ወፍ እንዲወድ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ጎጆ ላይ የወሰዳቸው ማሽኑ ነበር። ዛሬ ጋሼ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ሌንስ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ነው። መንገድ ዳር ሆኖ የወፏን ላባ ይቆጥራል። ምክንያቱ ካለቀ ስልሳ ዓመት ያለፈው ልማድ ነው በሣሩ ላይ ያቆመን። በነገራችን ላይ ልማዱ በተጀመረበት አገር በ1981 የወጣው ሕግ፣ በልዩ ጥበቃ ዝርዝር ያሉ ወፎችን ጎጆ ላይ መረበሽን ወንጀል አድርጎታል፤ እዚያ ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊበን ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። በር የለው፣ ቲኬት የለው። ያለው የአስጎብኚው ሁለት እጅ ነው።

"ላሙስ?"

ጋሼ በመጨረሻ የያዙት ክርክር ከባዱ ነው፤ አሁንም ድረስ ብዙ ሰው ይደግመዋል። እጃቸውን ወደ አድማሱ ዘረጉ። መንጋው እየመጣ ነበር፤ አቧራው ይታያል። "ይሄ ሁሉ ኮቴ በሚረግጠው ሜዳ ላይ የእኔ ጫማ ነው ወፏን የሚያጠፋት?"

አይደለም። ይህን ማመን ግድ ነው። ወፏን እያጠፋት ያለው ፎቶ አንሺ አይደለም። ድሮ ተንቀሳቅሶ ያረባ የነበረው ሕዝብ ሠፍሯል፣ ከብቱ በአንድ ቦታ በዝቷል፣ ሣሩ የማገገሚያ ጊዜ አጥቷል። በ1970ዎቹ እሳት ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ከየጫፉ ወደ ሜዳው እየገባ ነው። ጥሩ አፈር ያለበት ደግሞ እየታረሰ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል በዓመት የሚመጡት ጥቂት መኪና ወፍ ተመልካቾች ጥፋታቸው ከኮቴው ጋር አይወዳደርም።

ግን ክርክሩ አንድ ነገር ያመልጠዋል። ላም ላርክ አትፈልግም፤ ሣር እያየች በሜዳው ሁሉ ትበተናለች። እኛ ግን ሜዳውን ሁሉ ትተን፣ ሣሩ ያልተጋጠበትን፣ ወፏ የቀረችበትን ያቺን ጥቂት ቦታ መርጠን ነው የምንገባው። ያውም በመስመር ተደርድረን፣ ያውም በዝናቡ ወቅት፣ ወንዱ ስለሚዘምር ለማግኘት በሚቀልበት፣ ማለት ጎጆ ሊኖር በሚችልበት ጊዜ። አንድ ቡድን ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፤ አስጎብኚዎቹም ትናንት የታየችበትን ቦታ ይነጋገራሉ። ስለዚህ አምስት ሰው አምስት ብቻ ሆኖ አይቆጠርም።

አሁን ስለ ካሎ ላውራ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነውና። ካሎ የቦረና አርብቶ አደር የቆየ ሥርዓት ነው፦ በእሾህ የታጠረ፣ ለጥጃና ለደከመ ከብት ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የሣር ክልል። የላርኳ ነገር ከታወቀ በኋላ የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ የሊበን ነዋሪዎች ሜዳው ላይ ሰፋፊ ካሎዎች እንዲያጥሩ አብሮ ሠራ። ዘዴው ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ወፍ ጠባቂው የአርብቶ አደሩን ብልሃት ነው የተዋሰው። ሣሩ ሲመለስ ላርኮቹም ወደ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌዎቹ አጥሩን የሚያስከብሩት ለወፍ ብለው ብቻ አይደለም፣ ለጥጃቸውም ነው። ቢሆንም ከብቱ ተርቦ በአጥሩ ማዶ ለምለሙን እያየ ሲያልፍ፣ ዱላ ይዞ የሚመልሰው እረኛ ምን እየከፈለ እንደሆነ ለማየት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ወፍ ወዳዱ ካሎው ጋ ደርሶ እሾሁን በእግሩ ገለጥ አድርጎ ይገባል። ምክንያቱም ላርኳ ያለችው እዚያ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የማን ቡድን እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም፤ ቢሆንም ባየሁት ጊዜ ያፈርኩት ስለ ወፏ አልነበረም። ለጥጃ የተከለከለ ሣር ላይ ለፎቶ የሚገባ ሰው፣ ያንን እረኛ ነገ ምን ብሎ ይመክረዋል? ጋሼ "ላሙስ?" ሲሉ ይህን ነው የመለስኩላቸው፤ ላሙማ ካሎው ውጭ ቆማለች አልኳቸው። ዝም አሉ። መስማማታቸው ነው ብዬ ግን አልወሰድኩትም።

አስጎብኚው የሚቆምበት ቦታ

ስለ አስጎብኚው ብዙ ሰው አይናገርም። እሱ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚገፋው ሰው ነው። ወደ ደቡብ የሚወርድ የወፍ ጉዞ ላይ ደንበኛው የሚመጣው ለአምስት ስድስት ወፍ ነው፦ የነገሌዋ የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ፣ የያቤሎው ቁራ መሳይና ነጭ ጅራቷ ዋንጥ፣ ይህቺም ላርክ። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ደንበኛው ያኮርፋል፤ ሲያኮርፍ ጉርሻው ያንሳል፣ ሲመለስም "እዚያ አስጎብኚ ጋ አትሂዱ" ይላል። ጎጆ ያሳየ አስጎብኚ ደግሞ ይወደሳል። "ጋሼ፣ እግርዎን አያንሱ" ማለት በዚያ ማለዳ ለእሱ ነጻ አልነበረም። እኔ በጎን ቆሜ መርህ ስናገር፣ እሱ ከኪሱ እየከፈለ ነበር የሚናገረው። ደንበኛ ሆኖ ለሚሄድ ሰው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎጆ ላለማየት የምትፈልግ መሆንህን ጉዞው ሳይጀመር፣ ነገሌ ሆቴል ቡና ላይ ንገረው። እምቢ የማለቱን ሸክም ከትከሻው ታወርድለታለህ።

ስለ ምስጢርስ? አንዳንዱ ሰው "ቦታውን መደበቅ ነው መፍትሔው" ይላል። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ጋርተን የሚባል ሐይቅ አጠገብ ዓሣ አጥማጅዋ ኦስፕሬይ ከጠፋች ከዓመታት በኋላ በ1950ዎቹ ተመልሳ ጎጆ ሠራች። መጀመሪያ ደበቋት። በ1958 በጥበቃ ላይ እያለ እንቁላል ሌባ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጣ፤ እንቁላሎቹ ተሰበሩ። በ1959 የወፍ ጥበቃ ማኅበሩ ሰው ጆርጅ ዋተርስተን የተገላቢጦሹን አደረገ፦ ዛፉን በሽቦ አጥሮ፣ ሌትና ቀን ጠባቂ አቁሞ፣ በርቀት የመመልከቻ ቤት ሠርቶ ለሕዝብ በሩን ከፈተ። በዚያ ዓመት 14,000 ያህል ሰው መጥቶ ጎጆውን አየ፤ ሦስት ጫጩቶችም በረሩ። ይህን የማነሳው ጎጆ ማየት በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ስለማምን ነው። ግን ኦስፕሬይ ጎጆዋ ዛፍ ጫፍ ላይ ነው፣ አንድ ቦታ ነው፣ ዓመት ዓመት ወደዚያው ትመለሳለች፤ አጥርና ጠባቂ ይበቃታል። ላርክ ጎጆዋ የትም ነው፣ ለአንድ ወቅት ነው፣ ከዚያ የለም። ለእሷ የመመልከቻ ቤት አይሠራም። ሜዳውን መደበቅም አይቻልም፤ ዓለም ያውቀዋል። መደበቅ ያለበት ጎጆው ብቻ ነው፤ አስቀድሞም አለመፈለግ ነው እሱን የሚደብቀው። በአጋጣሚ የተገኘ ቢሆን እንኳ ስልክ ፎቶው ላይ የሚያትመውን የቦታ ምልክት አጥፍቶ፣ ለሚቆጥሩት ሰዎች ብቻ መንገር ነው።

ያን ማለዳ ያደረግነው

አስጎብኚው አንድ በአንድ አስወጣን። እያንዳንዳችን ባለንበት ዞረን፣ ቁልቁል እያየን፣ ሣሩ ላይ ጤዛው የተነካበትን የራሳችንን ዱካ እየተከተልን ወደ ኋላ። ፊት ስንገባ ጎን ለጎን ነበርን፤ ስንወጣ ግን የተረገጠውን ብቻ ረገጥን። ልጁ መጨረሻ ወጣ። ለመድረስ ሃያ ደቂቃ የወሰደብንን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ ቆመው ወደ ኋላ አይተዋል፣ እኔም አንድ ጊዜ።

ወፏ ስትመለስ አላየንም። ከመንገዱ ላይ ሆኜ በአቅራቢ መነጽር ብዙ ጠበቅኩ፤ ሣር ብቻ ነው የሚታየው። ይህ ደግሞ ፎቶ ያላነሳ ሰው የሚከፍለው ነው፤ ደህና መሆኗን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

2 ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ወንድ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ተነሳና አየር ላይ ተንጠልጥሎ መዝፈን ጀመረ። ደጋግሞ ያቺኑ ዜማ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ አገሩ ይህቺ ሜዳ ብቻ ለሆነ ወፍ ቃሉ ሌላ ክብደት አለው። ታናሹ ፎቶ አንሺ ስልኩ ላይ የወፉን ድምፅ ቀድቶ ስለያዘ "ላጫውትለት? ይቀርባል" አለ። አስጎብኚው ራሱን ነቀነቀ። ያንን ድምፅ የሰማ ወንድ ጠላት መጣብኝ ብሎ ዘፈኑንም መብሉንም ትቶ ሲዞር ይውላል። ሳይጠራም ቢሆን ራሱ መጣ፤ ከመኪናው በስተቀኝ፣ ፀሐይ ከኋላችን ሆና፣ ጋሼ በሩን ከፍተው ሌንሱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው አነሱት። እረኛው ልጅ ትከሻቸው ላይ ተደግፎ በካሜራው መስኮት አየው፣ ሳቀ፣ አንድ ነገር ተናገረ። አስጎብኚው ተረጎመልን፦ "ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ነው ይላል።"

ጋሼ ግን አልረኩም። እስከ ነገሌ ድረስ "ሰማይና ወፍ ነው፤ ታሪክ የለውም" ሲሉ ሰማኋቸው። ከእኔም ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ባለፈው ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሆነው አንድ ፎቶ ላኩልኝ። ሸማኔ ወፍ ነው፦ ቢጫው ወንድ ከጎጆው ሥር ተዘቅዝቆ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰዎች ዓሣ እየበሉ። ከፎቶው ሥር አንዲት ቃል ነበረች፤ "ይሄስ?"

እንዲህ ስል መለስኩላቸው፦ "ጋሼ፣ እሱማ የሠራው እንዲታይለት ነው። ለሴቷ ነው እንጂ ለእርስዎ ባይሆንም።"